ሃምሳ ጥይት ለኅዳር ሚካኤል

ወጣቱ ሻጭ የጥይቱን ፓኬት ከጸሐይወርቅ እጅ ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደው። አልነጠቃትም፤ መቀስ ካነሣ ሕፃን እጅ እንደሚወሰደው ፈገግ እያለ ነበር የወሰደው። ያነሣችው ጽሑፉን ለባሏ ልታነብላቸው ነበር። አቶ ዋለልኝ የማንበቢያ መነጽራቸውን እቤት ረስተው ስለወጡ፣ ከጠዋት ጀምሮ የአውቶቡሱን ሰሌዳም የዋጋውንም ወረቀት የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ሻጩ ካርድ እንዳላት ጠየቃት። እንደሌላት ስትነግረው፣ የመሣሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰው ጥይት ማስያዝ በሱቁ ደንብ እንደማይቻል በትሕትና አስረዳትና ፓኬቱን ሁለት ጋት ያህል ከእሷ አርቆ በአቶ ዋለልኝ ፊት አስቀመጠው። ጸሐይወርቅ እጇን ወደ ካፖርቷ ኪስ መለሰች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ፣ ከአንሶላ መሀል ያልለቀመችው መርፌ፣ ያልነካችው ደም አልነበረም፤ ያን ጊዜ ካርድ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ይህን ግን አልተናገረችም። በሕይወቷ ከተናገረቻቸው ነገሮች ይልቅ ልትናገራቸው አስባ የተወቻቸው ይበዙ ነበር።

«ይኼ አይደለም፤» አሉ አቶ ዋለልኝ ፓኬቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው። «ይኼ ሹል ነው። የኔው ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ እርሳስ በቢላ የቆረጡት የሚመስል።» ይህንኑ ለሻጩ በእንግሊዝኛ ደገሙለት። ልጁ ኮምፒውተሩን አየና ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዳልገባላቸው፣ ይገባልም ብሎ እንደማያስብ ነገራቸው። ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ የአጋዘን ራስ ተሰቅሏል፤ ከአጋዘኑ ሥር የቅጠል ሥዕል የታተመበት የአዳኝ ካፖርት፣ ከካፖርቱ ጎን ደግሞ ያው ቅጠል የታተመበት የስድስት ወር ሕፃን ልብስ በሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ተሰቅሎ ነበር። ጸሐይወርቅ ልብሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

ሽጉጡ የኢላማ ሽጉጥ ነው። አፈሙዙ ረጅም፣ የእንጨት እጀታው በባለቤቱ መዳፍ ልክ የተፈለፈለ፣ ሰው ደብቆ ይያዘው ቢል ከየትኛውም ኪስ የማይገባ ዕቃ። አቶ ዋለልኝ በወጣትነታቸው ለፖሊስ ሠራዊት ቡድን ኢላማ ይተኩሱ ነበር፤ ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀን በዳቦ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ዓርብ ዓርብ ምሽት ከአንድ አሮጌ የስፖርት ክለብ ምድር ቤት ውስጥ፣ ጡረታ ከወጡ ጣሊያኖችና ፖርቱጋሎች ጋር ወረቀት ይመታሉ። የሚስማማው ጥይት ድሮም በብዛት አይገኝም። መንግሥት የሽጉጥ ሽያጭንና ዝውውርን ካገደ ወዲህ ደግሞ አዲስ ባለሽጉጥ ስለማይፈጠር ነጋዴው ለጥቂት ሽማግሌዎች ብሎ ከባሕር ማዶ አያስመጣም። ያለው ባለቤት ሲሞት ወይም ፈቃዱን ሲያጣ ሽጉጡ ለልጅም ለወዳጅም አይተላለፍም፤ ለፖሊስ ይሰጣል። በቤታቸው የቀረው ጥይት አራት ነበር። ነገ ዓርብ ነው፤ ኅዳር ሚካኤልም ነው። አቶ ዋለልኝ ነገ የሚተኩሱት ሃምሳ ጥይት ያስፈልጋቸዋል፤ ዛሬ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በአውቶቡስ ሲዞሩ የዋሉት ለዚህ ነው።

ጸሐይወርቅ አብራቸው የወጣችው ግን ለሌላ ነገር ነበር። በቦርሳዋ ውስጥ፣ በራስ ምታት ክኒንና በአውቶቡስ ካርዷ መሀል፣ ለሁለት የታጠፈ ደብዳቤ አለ። ማክሰኞ ከፖስታ ሣጥን ያወጣችው እሷ ናት። ቁም ነገር የሚመስል ፖስታ ሲመጣ እንደምታደርገው በስልኳ ፎቶ አንሥታ ካልጋሪ ለምትኖረው ልጇ ለመቅደስ ላከችው፤ መቅደስም ደውላ ቃል በቃል አነበበችላት። የአቶ ዋለልኝ የመሣሪያ ፈቃድ እንዲታደስ ያቀረቡት ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም። በእጃቸው ያለውም ፈቃድ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ ተሰርዟል። ሽጉጡንና ያላቸውን ጥይት ሁሉ ያስረክባሉ፤ ውሳኔውን የሚቃወሙ ከሆነ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ። ምክንያቱ በሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። መቅደስ እሱን ካነበበች በኋላ ሁለቱም የስልኩ ሒሳብ እንደማይቆጥር መስመሩን ይዘው ቆዩ።

ምክንያቱ እሷ ራሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አቶ ዋለልኝ ለጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ በሄዱበት ቀን ስልክ ተደወለ። የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ነኝ ያለች ጨዋ ድምፅ ያላት ሴት፣ ለባለቤትሽ ፈቃድ እድሳት ጥቂት ጥያቄ አለኝ፣ አስተርጓሚ ላስገባልሽ ወይ አለቻት። ጸሐይወርቅ አልፈልግም አለች። በዚህ ከተማ በስልክ አማርኛ የሚያስተረጉሙት ስንት እንደሆኑና የማን ልጆች እንደሆኑ ታውቃለች፤ ሐሙስ የተናገሩት ገመና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ በቀጭኑ እንግሊዝኛዋ መለሰች። ይጠጣል? አይጠጣም። መትቶሽ ያውቃል? አያውቅም። በቅርብ ዓመታት ከቤተሰብ የሞተ አለ? አዎ። ማን? ጸሐይወርቅ ስልኩን ከግራ ጆሮዋ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ልጃቸው በሃያ ስምንት ዓመቱ በደም ካንሰር ከሞተ በኋላ ስሙ በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም፤ ሲቸግር «ልጁ» ይላሉ እንጂ። ሴትዮዋ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ባልሽ እንዴት ሆነ? ዝም። ሽጉጡ እቤት መኖሩ ያስፈራሻል? ዝም። ምናልባት አሁን አጠገብሽ ነው? እንዳትናገሪ የሚያደርግሽ ነገር አለ? ያኔ ነው ጸሐይወርቅ በሕይወቷ ስትጠቀምበት የኖረችውን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ ስለ ባሌ ለሰው የምናገረው ነገር የለኝም ያለችው። መልካም ቀን ተመኝታላት ስልኩን ዘጋች። ክብር ያለው መልስ እንደሰጠች ተሰምቷት ነበር።

ሁለተኛው ሱቅ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ያዙ። በኅዳር በከተማው ምሥራቅ በስካርቦሮ መንገድ ላይ ቀኑ ሲነጋም የነጋ አይመስልም፤ ሰማዩ ከሕንፃዎቹ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ በረዶ ለመሆን ያልወሰነ ዝናብ መስኮቱን ይጠርጋል። አቶ ዋለልኝ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህም ለጸሐይወርቅ ሸክሟን አከበደው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስለ ሽጉጡ ጠይቃቸው፣ ወደዚህ ዓይነት ሱቅም አብራቸው ገብታ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ስታገኛቸው ለምን እንኳ አላሉም፤ ጃንጥላውን ብቻ አቀበሏት። አሁን ጉልበታቸውን እያሹ፣ የአውቶቡሱ ማሞቂያ በእነሱ በኩል እንደማይሠራ፣ ድሮ በሃያ ስምንት ዶላር የሚገዙት ፓኬት ዛሬ ቢገኝ ከሰባ እንደማያንስ ያወሯታል። እሷም በየፌርማታው ለራሷ ቀጠሮ ትሰጣለች፤ ከሚቀጥለው መብራት በኋላ፣ ከድልድዩ በኋላ፣ ያቺ ጋሪ የያዘች ሴት ስትወርድ።

ሴትዮዋ ወረደች። «እኔ የምልዎት፣» ብላ ጀመረች ጸሐይወርቅ። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ስታገባቸው አንቱ ብላ ጀምራ፣ ልጆቿ እየሳቁባት እንኳ እሳቸውን ስታናግር ከአንቱ ወርዳ አታውቅም።

«እ?»

«ጥይቱ ባይገኝስ?»

አቶ ዋለልኝ ከመስኮቱ ላይ ጭጋጉን በመዳፋቸው ጠረጉና ውጪውን እያዩ መናገር ጀመሩ። «እኛ አገር፣ መንዝ ላይ፣ ወንድ ልጅ ሲሞት ይተኮስለታል። ድሃም ቢሆን ከጎረቤት ተለምኖም ቢሆን ይተኮስለታል። ሙት ሰማ አልሰማ አይደለም፤ አገሩ እንዲሰማ ነው። ያን ቀን መቃብሩ ጋ ምን ነበር የሚሰማው? ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይላታል። አፈር የሚገፋው ማሽን ሞተሩን ሳያጠፋ ከዛፎቹ ኋላ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ።

«በየዓመቱ በሙት ዓመቱ፣ በሚካኤል፣ ሃምሳ እተኩስለታለሁ፤» አሉ። «ክለቡ ውስጥ ማንም አያውቅም። ጣሊያኑ ፍራንኮ ወረቀቱን ያይና ‹ዛሬ ጥሩ መታህ ሽማግሌው› ይለኛል። አዎ እለዋለሁ። ሌላ ምን እለዋለሁ? ልጁ አብሮኝ ሲመጣ ደግሞ ይቺን ጠፍጣፋዋን ነበር የሚወዳት። ሹሉ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ጠፍጣፋው ግን በመብሻ የተበሳ ይመስል ክብ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ‹ዳድ፣ ክሊን ነው› ይለኛል። ጆሮ መከለያ አድርገን ሁለት ሰዓት ያለ አንድ ቃል እንቆማለን፤ እሱ አማርኛ አይቸገር፣ እኔ እንግሊዝኛ አልቸገር። ከዚያ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ በጣሳ ለቅመን እንመጣለን።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ልጃቸው ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም። ጸሐይወርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። ጣሳውን ታውቀዋለች፤ በልጁ መኝታ ቤት፣ ከመጻሕፍቱ አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ቀን፣ በሞተ በስድስተኛው ወር ይሆናል፣ ከሥራ ስትመለስ አቶ ዋለልኝን በዚያ ክፍል፣ በልጁ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የብረት ሣጥኑ ክፍት ነበር፤ ሽጉጡ በፎጣ ላይ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ዘይት ሊቀቡት ይሆናል። የዘይቱ ጠርሙስ ግን በአካባቢው አልነበረም። በሩ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታስታውስም፤ ቀና ብለው አዩዋትና እራት ምን አለ ብለው ጠየቋት፤ እሷም ምስር አለች። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አልተነሣም። በስልክ የደወለችው ሴት ያስፈራሻል ወይ ስትላት በጸሐይወርቅ ዓይን ፊት የመጣው ያ በር ነበር። ስለዚህ ዝምታዋ ጨዋነት ይሁን፣ ሐዘን ይሁን፣ ወይስ እውነተኛ ፍርሃት፣ እሷም እስከ ዛሬ ለይታ አላወቀችውም።

ሁለተኛው ሱቅ ጥይቱ አልነበረውም። ሻጯ ዓመታዊ አባል ለሆኑ ደንበኞች ብቻ በትእዛዝ እንደሚመጣ፣ ለአንድ ሰውም በወር አንድ ፓኬት እንደሆነ፣ ወረፋው እስከ ጥር እንደሚሄድ ነገረቻቸው። አቶ ዋለልኝ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኗት፤ ከዚያ ከበሩ አጠገብ ቆመው ኪሳቸውን ሲፈትሹ፣ ፍራንኮ በእርሳስ የጻፈላቸውን የአንድ ትንሽ ሱቅ አድራሻ አገኙ። አንብቢልኝ ብለው ለጸሐይወርቅ ሰጧት። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ መኪና ከሚያድሱ ጋራዦች መሀል ነበር። አልተነበበኝም ልትል ትችል ነበር። አነበበችላቸው።

አውቶቡስ የሚቀይሩበት ጣቢያ ውስጥ ሻይና አንድ ኬክ ገዝተው ለሁለት ተካፈሉ። አቶ ዋለልኝ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የጸሐይወርቅ ስልክ ጠራ።

«ማሚ፣ ነገርሽው?»

«እየነገርኩት ነው።»

«ምን ማለት ነው እየነገርኩት? ወይ ነገርሽው ወይ አልነገርሽው።» መቅደስ በሥራ ቦታዋ ኮሪደር ላይ ሆና ነበር የምታወራው፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማሚ፣ ይኼ ሲሪየስ ነው። ነገ ሽጉጡን ይዞ ባስ ላይ ቢወጣ ያለ ላይሰንስ ነው። ክሪሚናል ቻርጅ ነው። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ካቴና ሊያስገቡለት ነው የምትፈልጊው?»

«አልፈልግም።»

«ታዲያ እኔ ኮል ላድርግለት?»

«ከእኔ ነው መስማት ያለበት፤» አለች ጸሐይወርቅ። አቶ ዋለልኝ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ ሲመጡ ስታይ፣ «ደኅና ዋይ፣ ካልጋሪ ይበርዳል፣ ደርበሽ ልበሺ» ብላ ዘጋች።

«መቅደስ ናት? ምን አለች?»

«ደኅና ናት። ሰላም ብላዎታለች።»

ሦስተኛው ሱቅ ደወል ተጭነው የሚገቡበት ነበር። ከአንድ ክፍል አይበልጥም፤ የጠመንጃ ዘይትና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ ይሸታል፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመስታወቱ ባንኮኒ ሥር ቀልቶ ይነዳል። ባለቤቱ ነጭ ፂሙ የተከረከመ፣ እንግሊዝኛው የአውሮፓ ለዛ ያለው ሽማግሌ ነበር። አቶ ዋለልኝ የሚፈልጉትን ሲነግሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች ለጥቂት ጊዜ በማይታወቅ ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ወዳጆች ተግባቡ፤ ስለ እጀታው እንጨት፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ዓይን ሞራ። ከዚያ ሰውየው አጎንብሶ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ሰማያዊ ፓኬት አወጣ። ያስመጣው ለአንድ ደንበኛው እንደነበረ፣ ደንበኛው ግን በነሐሴ እንደሞተ ነገራቸው። ሰባ ዘጠኝ ዶላር ከነታክሱ አለ፤ ታክሱን ከራሱ ኪስ ሊችል መሆኑ ነበር። ከፍቶም አሳያቸው። ሃምሳዎቹ ጥይቶች ራሳቸው ጠፍጣፋ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ቆመዋል። አቶ ዋለልኝ አንዱን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ተዉት።

«ካርድዎን ብቻ፤» አለ ባለሱቁ።

አቶ ዋለልኝ ካርዳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው በመስታወቱ ላይ አስቀመጡ። ፎቶው የአምስት ዓመት ነው፤ ልጃቸው በሕይወት እያለ የተነሡት፣ ጉንጫቸው ሞላ ያለበት። ሰውየው ቀኑን አየ፤ ጥር ድረስ ይላል። ከዚያ ካርዱን ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር አለ። ጸሐይወርቅ የምትመርጠው ነገር ሁለት ብቻ እንደቀረ ገባት። ቁጥሩ ከተጻፈ፣ ባሏ ነገሩን ከማያውቃቸው ሰው አፍ፣ ከማሽን ይሰማሉ። ካልተጻፈም ነገ ማታ ሽጉጡን በተቆለፈ ሣጥኑ ይዘው ከቤት ይወጣሉ። እጇን ዘረጋችና ካርዱ ላይ ጫነችው። የሰውየው ጣቶች ከሥሩ ነበሩ፤ ደንግጦ ሳበ።

«አይግዙት፤» አለች በአማርኛ።

«ምን ሆንሽ ጸሐይ?»

«አይግዙት። ካርዱ ተሰርዟል።»

ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠቻቸው። አቶ ዋለልኝ ዘረጉት፤ አራቁት፤ ወደ መብራቱ አስጠጉት፤ መነጽሩ እቤት ነው። መልሰው ሰጧት። «አንብቢልኝ» አሉ። እሷም በዚያ ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ መቅደስ ካነበበችላት ጀምሮ ሁለት ሌሊት በልቧ ስትደግመው ያደረችውን፣ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ በአማርኛ አነበበችላቸው። ባለሱቁ ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ጀርባውን አዙሮ የጸዳውን መደርደሪያ መጥረግ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም። «የትዳር ጓደኛቸው በነፃነት ለመናገር የማትችል መስላ ስለታየች፣ የቅርብ ሐዘን የደረሰባቸውም በመሆኑ፣ መሣሪያው በቤቱ ውስጥ መኖሩ ለደኅንነት አስጊ ሆኖ ተገኝቷል።» አጠፈችው። ማሞቂያው ጠቅ ብሎ ጠፋ፤ ጠቅ ብሎ ደግሞ በራ።

አቶ ዋለልኝ ፓኬቱን ከደኑት። ክዳኑ ሁለቱ ጠርዝ እንዲገጥም በጥንቃቄ አስተካከሉና ወደ ባለሱቁ ገፉት። በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁት፤ ሌላ ቀን አሉት። ሰውየው ፓኬቱን ወደ መሳቢያው መልሶ እስከ ወሩ መጨረሻ ለማንም እንደማይሰጠው ተናገረ። ይህም ደግነት ስለነበረ ሁለቱም አመሰገኑት።

በፌርማታው መጠለያ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፍቶላቸው፣ አልተነሡም፤ ሄደ።

«ምን ብለሻቸው ነው?» አሉ አቶ ዋለልኝ።

«ምንም አላልኳቸውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አርባ አምስት ዓመት አብረዋት የኖሩ ሰው ይህን ለማመን ምስክር አያሻቸውም ነበር። ያንኑ መልስ እሳቸውም ቢጠየቁ ይሰጡት እንደነበር ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ዳኛው ጋ እሄዳለሁ፤» አለች ጸሐይወርቅ። «ሠላሳ ቀን አለን። በአስተርጓሚ እናገራለሁ።»

«አስተርጓሚዋ ማን እንደምትሆን ታውቂያለሽ? የዓለምሸት ልጅ ናት፤ እሑድ እሑድ አብራን የምታስቀድሰው።»

«ትሁን።»

«አይሆንም።» ጃንጥላውን በሁለት እግራቸው መሀል ተክለው እጃቸውን ላዩ ላይ ደራረቡ። «ይውሰዱት። ብረት ነው። የልጁን ነገር አደባባይ አናወጣውም።»

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨልሞ ነበር እቤት የገቡት። አሳንሰሩ ውስጥ ከጎረቤት ሴትዮ ጋር ስለ ዝናቡ አወሩ። አቶ ዋለልኝ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ልጁ ክፍል ገቡ፤ የብረት ሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ ቀጥሎም የዘይቱ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ንጹሕ አድርገው ሊያስረክቡት ነው። ጸሐይወርቅ ማእድ ቤት ውስጥ መብራቱን ሳታበራ ቆመች። ከዚያ ደብዳቤውን ምድጃው ላይ ዘርግታ፣ በምድጃው አነስተኛ መብራት ከግርጌው ያለውን ቁጥር እያየች ደወለች። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ንግግር አለፈ፤ መልእክት እንድታስቀምጥ ተነገራት። አንድ ቀጭን ድምፅ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ የእሷ እንደሆነ፣ እንድትሞላው የተተወላት እንደሆነ ገባትና በአማርኛ ተናገረች።

«እኔ ጸሐይወርቅ ነኝ። የዋለልኝ ባለቤት። ያን ቀን የደወልሽልኝ እህቴ ስምሽን አላወቅሁትም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መልካም ቀን ብዬ የዘጋሁብሽ በክፋት አልነበረም። ጠይቀሽኝ ነበር። የሞተብን ልጃችን ነው። ትልቁ። አሥራ አንድ ወር ታሞ ነው የሞተ። ባሌ አይጠጣም፤ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ከፍ ባለ ድምፅ እንኳ ጠርቶኝ አያውቅም። ሐዘኑን እንዴት ያዘው ብለሽኝ ነበር። አልያዘውም። እኔም አልያዝኩት። እሱ አንድ ክፍል፣ እኔ አንድ ክፍል ሆነን ነው የቆየነው። ፈርተሽ ታውቂያለሽ ወይ ላልሽው አንድ ቀን ፈርቻለሁ። ለራሴ አይደለም፤ ለእሱ ነው የፈራሁት። ልጁ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሳየው ፈራሁ። ልጠይቀው ሲገባኝ ምስር አቀረብኩለት። ይህን ለእሱም ነግሬው አላውቅም። ዛሬ ግን ሃምሳውን ለምን እንደሚፈልገው ነገረኝ። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ይተኮሳል። ሌላ ቦታ ስለማይቻል ወረቀት ላይ ነው የሚተኩስለት። ይህን ስሚና ደግሞ ጻፊው። ዝም ያልኩት ስላልቻልኩ ነው፤ ከልክሎኝ አይደለም። ልጃችን—»

ማሽኑ በመሀሉ ጮኸ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ጸሐይወርቅ ስልኩን ይዛ ቀረች። በልጁ ክፍል ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ከመቼ ጀምሮ እንዳልነበረ አላወቀችም። ዞር ስትል አቶ ዋለልኝ ማእድ ቤቱ በር ላይ፣ እሷ ያን ቀን እንደቆመችው ቆመው ነበር። ካፖርታቸውን አላወለቁም። በእጃቸው የዘይት ጨርቅ አለ።

«ምስሩን አስታውሳለሁ፤» አሉ።

ጸሐይወርቅ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ስሙን ሳትነግሪያቸው ተቋረጠ። ደግመሽ ደውይ።»

ደወለች። ረጅሙ እንግሊዝኛ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ሁለቱም ተሰብሳቢ ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው አዳመጡት። ድምፁ ጮኸ። ጸሐይወርቅ አፏን ከፈተች። በመስመሩ ላይ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ይቀዳ ነበር። አቶ ዋለልኝ ጨርቁን በትከሻቸው ላይ ጣሉ፤ ዘይት የነካውን እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ይዲድያ ዋለልኝ፤» አሉ። ከዚያም በዚህ ከተማ በየመስኮቱ ፊት ለዓመታት ሲያደርጉት እንደኖሩት፣ የሚጽፈው ሰው እንዳይሳሳትባቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል፣ በመሀሉ ፋታ እየሰጡ ይቆጥሩለት ጀመር። «ዋይ። ኢ። ዲ። አይ። ዲ። አይ። ኤ።»